ከዜሮ እስከ አራት

ቅጹ ላይ ስም የለም፤ መለያ ቁጥር ነው፤
ሃያ ጥያቄ አለው፣ ሁሉም የሚለው
«ባለፈው አንድ ወር ምን ያህል አወከዎ?»
ከዜሮ እስከ አራት። አንዱን ይክበቡ።

እኔ ስታትስቲክስ፣ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፤
በአንድ ቅጽ አምስት ብር እየታሰበልኝ
የሰው ክብ ለቅሜ ሠንጠረዥ እሞላለሁ።

ግንቦት ነው። ድሬ ናት። ላይብረሪው ጣሪያ ላይ
ቬንትሌተሩ ሙቀት ያማስላል።
መቶ አርባ፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፤
ይሄ ወይ ጤነኛ ነው፣ ወይ ለምሳ ቸኩሎ።
መቶ አርባ አንድ፦ ሦስት፤ መጨረሻው ላይ ግን
ከብቦ፣ ሰርዞ፣ ከብቦ፣ ወረቀቱን በስቶታል።
እጽፋለሁ። ሦስት። አራት። ሁለት።
ቁጥር አይጮህም።

ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት ላይ እጄ ቆመ።
«እንቅልፍ ለመተኛት ይቸገራሉ?» ለሚለው
ክብ የለም። ጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ፣ በቀጭኑ፦
«ጫማዬን ካላወለቅሁ እተኛለሁ።»

ጫማዬን ካላወለቅሁ።

ስድስት ነን ባንድ ዶርም። ከእኔ በላይ ያለው
አልጋ የእንጉዳይ ነው።
ነጭ ሸራ ጫማ፣ ማሰሪያው ሁለቴ ተቋጥሮ፣
ሌሊት ከአልጋው ጠርዝ ወጥቶ
ፊቴ ላይ ይንጠለጠላል።
ስንቴ ተነጫነጭሁ! «አንሶላው አያሳዝንም?
ያገርሽ ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚተኛው?»
«ኋላ ኋላ፣» አለች፣ «እንዲህ ነበር የምንተኛው።»
እኔ ሳቅሁ። ሁላችን ሳቅን።
እሷም ሳቀች።
ከገንደ ቆሬ በኩል የሰርግ ርችት ሲተኮስም
አልጋ ሥር አገኘናት፦ «ቻርጀሬ ወድቆብኝ ነው።»
እኛም አብረን ፈለግንላት፣
ቻርጀሩን፣ በእጁ መብራት።

እኔ የደቻቱ ልጅ ይህን ማወቅ ነበረብኝ።
ወንዛችን አሸዋ ነው፤ ባመት ዐሥር ወር ደረቅ፤
ኳስ ይለጋበታል፣ ሰልባጅ ይነጠፍበታል፣
የግመል ጥላ ያልፍበታል።
ዝናቡ እዚህ አይደለም፤ ደንገጎ ነው የሚጥለው፤
እዚህ ሰማዩ ኮከብ ነው፣
መሬቱ ገና ትኩስ ነው፣
ሰው በረንዳው ላይ በሽርጡ የተኛ ነው፤
ውሃው ግን ይመጣል።

እናቴ ያኔ እኔን አዝላ ጣሪያ ላይ አደረች፤
ወንድሜን፣ ኢድሪስን፣ በእጇ ይዛ ነበረች።
«ይዤው ነበር» ትላለች። ከዚህ አትሻገርም።
ዛሬም ክረምት ላይ ጋራው ሲያጉረመርም
መታወቂያዋንና የቤቱን ካርታ
በፌስታል ጠቅልላ፣ ጡቷ ሥር ሸጉጣ፣
ታድራለች ተቀምጣ።
«እማ፣ ተኚ እንጂ፣ ግንብ ተሠርቷል» እንላታለን።
ግንቡስ ወንዙን ይዟል፤
ደንገጎን ማን ይይዘዋል?

ሠንጠረዡ ፊደል አይቀበልም።
«ላልተመለሰ ጥያቄ ዘጠና ዘጠኝ ይጻፍ» ይላል መመሪያው።
መልሳለች እኮ!
ዘጠና ዘጠኝ ጻፍሁ።
የእኔ ቅጽ፣ ሁለት መቶ ስልሳ፣
ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ሳይነካ፣ ከታጠፈ ሰነበተ።

ምሽት ላይ፦ «እንጉዳይ፣ አልጋ እንቀያየር፤
ታች ለበሩ ይቀርባል።»
«ለምን?»
«ላይ ይነፍሳል ብዬ።»
ላይኛው አልጋ ከቆርቆሮው ሥር ነው፤
ድሬ ውስጥ ይህን ውሸት ሕፃን አያምነውም።
ብዙ አየችኝ። ትራሷን ወረወረች፣
ምንም አላለች።

መብራት ጠፋ። ላቤ ጆሮዬ ውስጥ ይንጠባጠባል።
አንዷ ታንኮራፋለች። በረኛው ሬዲዮውን ዘጋ።
ከዚያ ከታች የጫማ ማሰሪያ ሲሳብ ሰማሁ፤
ሲፈታ ይሁን ሲጠብቅ፣
በጨለማ አይለይም።